የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ በቃለ መጠይቅ ስቀር ይህ ሦስተኛዬ ነው

የሒሳብ ሠራተኛዋ (ሜክሲኮ) — ሐምሌ 7

ጤና ይስጥልኝ። በሒሳብ አያያዝ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ መርካቶ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ 2 ዓመት ከ4 ወር ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ደረጃና ደመወዝ ፍለጋ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ተወዳድሬ በሦስቱም የጽሑፍ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ በአንደኛው እንዲያውም ከተፈታኞች ሁሉ ቀዳሚ መሆኔን ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስቱም ግን ከቃለ መጠይቁ በኋላ የተለጠፈው ስም የእኔ አልነበረም።

የመጨረሻውን ብቻ ልንገራችሁ። ቦታው ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነበር። አራት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ ሰጠሁና «ተቀመጪ» እስኪሉኝ ጠብቄ ተቀመጥሁ። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ሌሊቱን ያጠናሁትን አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ፤ ታታሪ መሆኔን፣ በጫና ውስጥ መሥራት እንደምችል፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ እንደምሠራ። ስለ ቀድሞ ሥራዬ ሲጠይቁኝ «ወር ሲያልቅ ሒሳብ እንዘጋለን፣ መዝገቡን ከባንክ መግለጫ ጋር እናስታርቃለን» አልሁ። በስተመጨረሻ «አንቺስ የምትጠይቂን አለ?» ሲሉኝ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ደረጃውን ወርጄ ሰዓቴን ሳይ የቆየሁት 11 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደፍሬ ስልክ ደወልሁ። ያነጋገሩኝ ሴት በትሕትና የነገሩኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እህቴ፣ ፈተናሽ በጣም ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ከክፍሉ ስትወጪ ስለ አንቺ በእጃችን የቀረ ነገር አልነበረም» አሉኝ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ሐምሌ 17፣ ስታዲየም አካባቢ ሌላ ቃለ መጠይቅ አለብኝ። ሰው በ15 እና በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚህ ቀደም አይተውት በማያውቁ ሰዎች ዘንድ፣ በእጃቸው የሚቀር ነገር ትቶ የሚወጣው እንዴት ነው? ልምዱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከለገሃር — ሐምሌ 7

እህቴ፣ እኔ የምነግርሽ ከክፍሉ በር ወዲህ ስላለው ነው፤ ምክንያቱም እኔ የወደቅኩት በሩ ላይ ሳልደርስ ነው። ጥሪው የመጣልኝ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኢሜይል ሲሆን «9:00» ይል ነበር። እኔ ከቀኑ 9 ሰዓት መስሎኝ ረፋዱን ስዘጋጅ ዋልኩ፤ እነሱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት፣ ማለትም በእኛ 3 ሰዓት ማለታቸው ነበር። ስደርስ ኮሚቴው ተበትኗል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውለሽ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን በመጠየቁ የተናቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከሜክሲኮ በባቡር ለገሃርን አልፎ ስታዲየም ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ሆኖም ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀድመሽ ሕንፃው ሥር ድረሺ። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ አስይዞ ስም ማስመዝገብ አለ፤ መብራት ከሄደ ደግሞ አሳንሰሩ ስለሚቆም ስምንተኛ ፎቅ በእግር ወጥቶ እያለከለኩ መግባት አለ። ወቅቱ ሐምሌ ነውና ጫማ የሚደርሰው በጭቃ ነው። እኔ አሁን በተቀጠርኩበት ቦታ ስወዳደር ሕንፃው አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሊስትሮ ጫማዬን እየጠረገ «ቃለ መጠይቅ ነው አይደል? ዛሬ ጠዋት አምስተኛዬ ነህ» አለኝ። ጫማዬ ሲጸዳ የእኔም ልብ ተረጋግቶ ነበር የገባሁት።

ጡረተኛው — ሐምሌ 8

ልጄ፣ 26 ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ስልክ ያነሡልሽ ሴት ውለታ ውለውልሻል፤ አብዛኛው ተወዳዳሪ ለምን እንደቀረ የሚነግረው ሰው አያገኝም። እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ።

ኮሚቴው ጠዋት ይቀመጥና እስከ ምሳ ሰባት ወይም ስምንት ሰው ያነጋግራል። በእያንዳንዱ አባል ፊት ቅጽ አለ፤ በቅጹ ላይ ጥያቄዎቹ፣ የሚሰጠው ነጥብ፣ ከጎኑም ለማስታወሻ የሚሆን ባዶ ቦታ ይገኛል። ተወዳዳሪው «በጫና ውስጥ መሥራት እችላለሁ» ሲል እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምን ይጻፋል? ምንም አይጻፍም። ከእሱ በፊት የገባውም ይህንኑ ብሏል፤ የሚከተለውም ይለዋል። አንድ ወጣት ግን በአንድ ወቅት እንዲህ አለን፤ «የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው የንብረት ክፍል ኃላፊው ታመሙ፤ ቆጠራው በእኔ ላይ ወደቀ፤ መጋዘኑን በሦስት ከፍዬ ከትንንሹ ዕቃ ጀመርሁ፤ ምክንያቱም የሚጠፋው ትንንሹ ነው።» ይህን ስሰማ እጄ ሳላዘው ነው የጻፈው። ከሰዓት በኋላ ለውሳኔ ስንቀመጥ የማንንም ስም በቃል የሚያስታውስ አልነበረም፤ «ከትንንሹ ዕቃ የጀመረው ልጅ» ሲባል ግን አራታችንም ማን እንደሆነ አወቅን።

ሁለተኛው ነገር «እንዘጋለን፣ እናስታርቃለን» ያልሽው ነው። ትሕትናሽን ተረድቼዋለሁ፤ ሆኖም ለ«እኛ» ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽ የለም። ኮሚቴው የሚቀጥረው አንድ ሰው ነውና የዚያን ሰው ድርሻ ካልሰማ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ሌሎች ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረች ትሆን እንዴ ብሎ ያስባል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። በእነዚያ 2 ዓመት ከ4 ወራት ውስጥ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ተበላሽቶ ይቀር የነበረ አንድ ሥራ የትኛው ነው? አንድ ብቻ፣ እዚሁ ጻፊልኝ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ — ሐምሌ 8

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጥያቄዎን አንብቤ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ የማስታውሰው ይህንን ነው።

አንድ የመጋቢት ወር መዝጊያ ላይ የባንኩ መግለጫ ከእኛ መዝገብ በ36,000 ብር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ ከባንክ ወጥቷል፤ በፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የመዘገብነው ግን አያሳየውም። ሥራ አስኪያጁ ወዲያውኑ የጠረጠሩት ገንዘብ ያዧን ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በዚያ ቀን ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም። እኔ ልዩነቱን ለ9 አካፈልሁት፤ ያለ ቀሪ 4,000 መጣ። በሒሳብ ሥራ ላይ ያላችሁ እንደምታውቁት ልዩነቱ ለ9 እኩል ሲካፈል ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ስለዚህ «ገንዘቡ አልጠፋ ይሆናል፤ እስኪ ሁለት ቀን ስጡኝ» ብዬ ለመንሁ። ሁለት ምሽት እስከ 2 ሰዓት እየቆየሁ የሦስት ወር የቼክ ጉርዶችን (ቼኩ ሲቀደድ ጥራዙ ላይ የሚቀሩትን ቁራጮች) አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርሁ። በሁለተኛው ምሽት አገኘሁት፤ ባንኩ የከፈለው ቼክ 73,150 ብር ሲሆን በእኛ መዝገብ የገባው 37,150 ነበር። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቼክ ከመመዝገቡ በፊት አንዱ ጉርዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ፣ ሌላው እንዲጽፍ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ተቀበሉት። ድርጅቱን እስክለቅ ድረስ እንዲህ ያለ ልዩነት አልገጠመንም።

ይህንን ለአንዱም ኮሚቴ አልተናገርሁም። እናቴ «ሰው ያመስግንሽ እንጂ አንቺ ራስሽን አታመስግኚ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ መናገሩ ጉራ መሰለኝ።

ጡረተኛው — ሐምሌ 8

ልጄ፣ ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ያስቀረሽ ይህን አለመናገርሽ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። እናትሽ ልክ ናቸው፤ አንቺም ከእሳቸው ምክር ሳትወጪ ይህንን መናገር ትችያለሽ። «ጎበዝ ነኝ» ብትዪ ራስሽን አመሰገንሽ። «36,000 ብር ጎደለ፣ ለ9 አካፈልሁት፣ ጉርዱን በሁለተኛው ምሽት አገኘሁት» ስትዪ ግን ያየሽውን እንደሚናገር ምስክር ነሽ፤ ምስጋናውን ለሰሚዎቹ ትተሽዋል፤ እነሱም ያመሰግኑሻል።

ሌላም አለ። ገንዘብ ያዧ ጉርዶቹን በቀን ተራ አስራ ባታስቀምጥ ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ በሁለት ምሽት ማመሳከር አትችዪም ነበር ብዬ እገምታለሁ። እውነት ከሆነ ይህንንም ተናገሪ። የሌላውን ድርሻ በስሙ ሲሰጡ የራስም ድርሻ አብሮ ይታመናል፤ «እኛ» ብሎ ከመሸፈን ይልቅ የእሷን ለእሷ፣ የአንቺን ለአንቺ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህን ታሪክ ቃል በቃል እንዳታጠኚው። የተጠና ነገር በድምፅ ይታወቃል፤ በመካከል ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና የሚነሣው ከመጀመሪያው ነው። አራት ማረፊያዎቹን ብቻ ያዢ፤ ጉድለቱ፣ ዘጠኙ፣ ጉርዱ፣ አዲሱ አሠራር። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እንዲህ ያሉ ሁለት ተጨማሪ ታሪኮችም አዘጋጂ፤ አንደኛው የተሳሳትሽበትና ያረምሽው ይሁን፤ «ድክመትሽ ምንድን ነው?» መባሉ አይቀርምና። ለዚያ ጥያቄ «ሥራ እወዳለሁ፣ እረፍት አላውቅም» የሚል መልስ ስንቱን እንዳሳጣ እኔ አውቃለሁ።

የጽሕፈት ቤቱ (አራት ኪሎ) — ሐምሌ 9

እኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ፤ የሥራ ማስታወቂያ ከጋዜጣና ከቴሌግራም አንብበው የሚመጡ ልጆች ሲቪያቸውን እኔ ዘንድ ያስጽፋሉ። ጋሽ ጡረተኛው ያሉትን ከእኔ ወገን ላረጋግጥ፤ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ በጫና ውስጥ የሚሠራ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቀን ደጋግሜ እጽፈዋለሁ። ብዙዎቹ የጓደኛቸውን ሲቪ ይዘው መጥተው ስሙን ብቻ እንድቀይርላቸው ይጠይቁኛል።

እህቴ አንድ ነገር ተመልከቺ። ሲቪሽ ላይ ያሉት ቀኖች በአንድ አቆጣጠር ይሁኑ። የምረቃውን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሥራ ልምዱን በአውሮፓ አቆጣጠር የጻፈ አንድ ልጅ ነበረ፤ በ2013 ተመርቆ በ2021 ሥራ የጀመረ ይመስል ነበር። «ስምንት ዓመት የት ነበርክ?» ብለው ሲጠይቁት ደንግጦ መልስ አጣ፤ እሱ ግን በተመረቀበት ዓመት ነው የተቀጠረው። ዋናው ማስረጃ፣ ኮፒው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው፣ ሁሉም በአንድ አቃፊ በተጠየቀበት ቅደም ተከተል ይግባ። ዶክመንት ሲፈልጉ ቦርሳ ውስጥ መቆፈር ያሳፍራል።

መምህር (ስድስት ኪሎ) — ሐምሌ 9

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፤ ጡረተኛው ባለሙያ በልምድ የተናገሩትን በጥናት የሚደግፍ ነገር ስላለ ልጨምር።

በ1946 እ.ኤ.አ. ሰሎሞን አሽ የተባሉ ተመራማሪ አንድን ሰው የሚገልጹ ስድስት ቃላትን ለሁለት ቡድኖች አቀረቡ። ለአንደኛው «ብልህ፣ ታታሪ፣ ችኩል፣ ነቃፊ፣ ግትር፣ ምቀኛ» በሚል ቅደም ተከተል፣ ለሁለተኛው ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው አነበቡላቸው። መልካሙን አስቀድመው የሰሙት ስለ ሰውየው የያዙት ምስል ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ቃላቱ ግን አንድ ነበሩ። ቀድሞ የተሰማው በኋላ የሚሰማውን ቀለም ይቀባዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ከተወለድሽበት ቀበሌና ከተማርሽበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አትጀምሪ። የመጀመሪያው ደቂቃ ውድ ነው። ሙያሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ ወዲያውኑ ወደ 36,000 ብሩ ግቢ።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ወደ ጉዳያችን ይቀርባል። በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ዳንኤል ካህነማን በ1955 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ጦር ውስጥ ገና ወጣት መኮንን ነበሩ። ጦሩ ምልምሎችን በቃለ መጠይቅ ይመድብ ነበር፤ ጠያቂዎቹ በጥቂት ደቂቃ ጨዋታ የሚወስዱት አጠቃላይ ግምት ግን ምልምሉ በኋላ ምን ዓይነት ወታደር እንደሚሆን የሚያመለክት ሆኖ አልተገኘም። ካህነማን አሠራሩን ለወጡት። ስድስት ባሕርያት ተመርጠው ስለ እያንዳንዱ ካለፈ ሕይወት ተጨባጭ ጥያቄ እንዲጠየቅ፣ ለምሳሌ ስንት ሥራ እንደሠራ፣ በሥራና በትምህርት ሰዓት ያከብር እንደነበር፣ ወደሚቀጥለው ከመታለፉም በፊት ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲሰጥ አደረጉ። ትንበያው ተሻሻለ። የሚገርመው ደግሞ ጠያቂዎቹ ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰጡት አጠቃላይ ግምትም ከቀድሞው እጅግ የተሻለ መሆኑ ነው።

ከዚህ የምወስደው፣ ጠያቂው በጥሩ ሁኔታ የሚገምተው ተጨባጭ ያለፈ ነገር ሲሰማ እንደሆነ ነው። ሁሉም ኮሚቴ በዚህ መንገድ አይጠይቅም። ኮሚቴው በግልጽ ባይጠይቅሽም ተጨባጩን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ፤ «በቡድን ትሠሪያለሽ ወይ?» ቢሉሽ «አዎ» ብለሽ አታቁሚ፤ ጉርዱን አንዱ የሚያነብበትን ሌላው የሚጽፍበትን አሠራር ንገሪያቸው።

መሐንዲሱ — ሐምሌ 10

ሁላችሁንም አክብሬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ዝም ካልሁ ይህችን እህቴን ያታለልኋት ያህል ይሰማኛል። እኔ አምስት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ተቀምጫለሁ። በአንደኛው፣ ከእኛ አስቀድሞ የገባው ልጅ ከፈታኞቹ ከአንዱ ጋር በቤት ስም ሲጠራሩ ሰምቻለሁ፤ ቦታው የእሱ ሆነ። ዘመድ ያለው ምንም ቢናገር ያልፋል፤ ዘመድ የሌለው ምን ቢናገር ይቀራል። ታሪክ ማዘጋጀት ምን ይጠቅማል?

ጡረተኛው — ሐምሌ 10

ወንድሜ፣ ያልከው የለም ብል ዋሽቻለሁ። በኮሚቴ ተቀምጬ በማላምንበት ውሳኔ ላይ በሐሳብ የተለየሁባቸው፣ ልዩነቴንም በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዘገብሁባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ አንዳንዴ ተሰምቻለሁ፣ አንዳንዴ አልተሰማሁም። ያመመህን ነገር አላቃልለውም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውል። ለሐቀኛው የኮሚቴ አባል ለመከራከር የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። ቅጹ ላይ የጻፈው ነገር ካለ «ይህች ልጅ እንዲህ አድርጋለች፣ የዚያኛው መልስ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማስታወሻው ባዶ ከሆነ ግን እሱም ዝም ይላል። ዘመድ በሌለበት ክፍል ውስጥ ታሪኳ ያሳልፋታል፤ ዘመድ ባለበት ክፍል ውስጥ ለአንድ ሐቀኛ ሰው መከራከሪያ ይሆነዋል። ባዶ እጁን የተወው ተወዳዳሪ ግን በሁለቱም ቦታ ይቀራል።

ከካሳንቺስ — ሐምሌ 11

እኔ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ባለሙያ ነኝ። እህቴ፣ ስለ አነጋገርና ስለ ሴትነትሽ ሁለት ሦስት ነገር ልበልሽ።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። የቁጥሩን ታሪክ በእንግሊዝኛም ጮክ ብለሽ፣ ብቻሽን ክፍል ዘግተሽ፣ ሦስት አራት ጊዜ ተናገሪው። እኛ በጽሑፍ እንግሊዝኛ እንበረታለን፤ አፋችን ግን አይለምደውም። ቃል ቢጠፋሽ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሚ፤ አጫጭሩ ከረጅሙና ከተሰባበረው ይሻላል። ጥያቄው ካልገባሽ «እንደገና ቢሉልኝ» ማለት አያስነቅፍም።

ሌላው፣ አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለው ነገር ነው። ለእኛ «አዎ» ማለት ነው፤ የውጭ አገር ሰው ካለበት ግን ደነገጠች ብሎ ሊያስብ ይችላል። በቃል «አዎ» በዪ። ዓይንሽንም አንሺ፤ ለታላቅ ሰው ዓይንን ዝቅ ማድረግ አስተዳደጋችን ነውና ሰላምታ ስትሰጪ አድርጊው፤ ቁጥሩን ስትናገሪ ግን የጠየቀሽን ሰው ፊት እያየሽ ይሁን። ድምፅሽ ከጠረጴዛው ማዶ መድረስ አለበት።

በመጨረሻም «አግብተሻል? መቼ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። እኔ ተጠይቄአለሁ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጾታን ምክንያት አድርጎ ማዳላትን ይከለክላል፤ ለወሊድም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ክርክር ለመግጠም ከመረጥሽ መብትሽ ነው። እኔ የመረጥሁት ግን ይህን ነበር፤ «ጥያቄዎ በዚህ ሥራ ላይ መቆየቴን ለማወቅ ከሆነ፣ በቀድሞው መሥሪያ ቤት አንድም ወር ሒሳብ ሳልዘጋ አላደርሁም» አልኋቸው። ሰብሳቢው ራሳቸው «ወደ ሥራው እንመለስ» ብለው ጥያቄውን ዘጉት።

ከለገሃር — ሐምሌ 11

ደመወዝን ማንም አላነሣውም። ማስታወቂያው «በስምምነት» የሚል ከሆነ «ምን ያህል ትጠብቂያለሽ?» ይሉሻል። «እናንተ እንደወሰናችሁት» አትበዪ፤ ከጓደኞች ጠይቀሽ ገበያውን አውቀሽ ግቢና ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ተናገሪ። ጥቅል ይሁን የተጣራ ለይተሽ ጠይቂ፤ ከጥቅሉ ላይ የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ ብቻውን በ20,000 ብር ላይ 1,400 ብር ነው፤ ግብሩም አለ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ — ሐምሌ 17

ጋሼ፣ መምህር፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ዛሬ ገብቼ ወጣሁ። ውጤቱ ገና ነው፤ ነገር ግን የሆነውን እንድትሰሙ ፈልጌአለሁ።

ሰዓቱን አስቀድሜ ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ነበር፤ ከ3 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ሕንፃው ሥር ነበርሁ። ዝናብ ነበር። ጫማዬን አስጠረግሁ። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ «የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሆንሁ በአንድ የመጋቢት ወር ላስረዳ» ብዬ ጀመርሁ። «ለ9 አካፈልሁት» ስል በስተግራ የተቀመጡት ሰው ብዕራቸውን አነሡ፤ ጋሼ፣ እርስዎን አሰብሁ። ከዚያ ያቋረጡኝ እሳቸው ናቸው፤ «ልዩነቱ ለ9 ባይካፈልስ ኖሮ ከየት ትጀምሪ ነበር?» አሉኝ። አላጠናሁትም ነበር፤ ግን ሥራዬ ስለሆነ መልሱ ነበረኝ። «የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ወጪ ወይም ገቢ መኖሩን እፈልጋለሁ፤ ዴቢት (በግራው ዓምድ) መግባት ያለበት ክሬዲት (በቀኙ ዓምድ) ገብቶ እንደሆነ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይታያልና» አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ስለ ሒሳብ እንደሚጫወቱ የሥራ ባልደረቦች ሆንን፤ ሌሎቹ ያዳምጡ ነበር። ገንዘብ ያዧ ጉርዶቹን በቀን ተራ እንዳስቀመጠችልኝም ተናግሬአለሁ፤ ጋሼ እንደገመቱት እውነት ነበር።

ድክመትሽ ሲሉኝ የመጀመሪያ ዓመቴን ነገርኋቸው፤ ያልገባኝን ሳልጠይቅ ሁለት ቀን የምቆይ ነበርሁ፤ በዚህ ምክንያት አንድ የግብር ማሳወቂያ በመጨረሻው ቀን ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ነገር ከግማሽ ቀን በላይ አላሳድርም። መጨረሻ ላይ «የምትጠይቂን አለ?» ሲሉኝ በዚህ ጊዜ «የለኝም» አላልሁም። «የሙከራው ጊዜ 60 የሥራ ቀናት ከሆነ፣ 60ኛው ቀን ላይ እናንተን ደስ የሚያሰኝ ምን ሠርቼ ብገኝ ነው?» አልኋቸው። ሰብሳቢዋ ትንሽ አሰቡና የቋሚ ንብረት መዝገባቸው ሁለት ዓመት እንዳልተመሳከረ ነገሩኝ። ስወጣ 34 ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ጡረተኛው — ሐምሌ 17

ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። ውጤቱ ምንም ሆነ ምን፣ ዛሬ ማታ ሳትተኚ የጠየቁሽን ጥያቄ ሁሉ ጻፊው፤ ነገ ግማሹ ይጠፋብሻል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ — ሐምሌ 17

ጽፌአለሁ ጋሼ፤ በባቡሩ ውስጥ፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ እስክደርስ። 9 ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱን በደንብ አልመለስኋቸውም፤ ሰኞ እዚሁ አቀርባቸዋለሁ።